የአንድ ቀን መንገድ፤ ከወልድያ እስከ መርሳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ መንገድ ነው። የመንገዱ መጨረሻ ግሸን ደብረ ከርቤ ነው፤ ነገር ግን ስለ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ተነግሯችኋልና እኔ የምናገረው ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። ይኸውም በእግሩ የሚሄድ ተሳላሚ ከወልድያ ማልዶ ተነሥቶ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ መርሳ የሚገባበት ቀን ነው።

ደመራ መስከረም 16 ቀን ተለኩሶ፥ በማግሥቱ በ17 የመስቀል በዓል ከተከበረ በኋላ፥ በየጁ አገር ያሉ ብዙ ምእመናን ስንቃቸውን ይቋጥራሉ። በ21 በግሸን አምባ ላይ የእመቤታችንና የቅዱስ መስቀሉ በዓል ስለሚውል፥ በ18 ማለዳ የተነሣ ሰው እግሩ ካገዘው በሦስት ቀን ከአምባው ሥር ይደርሳል። ስንቁ ምንድር ነው ቢባል፥ ቆሎ ነው፤ ዳቦ ቆሎ ነው፤ በውሃ የሚበጠበጥ በሶ ነው። አንዱ በበረባሶ ይሄዳል፤ አንዱ ስእለቴ ነው ብሎ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ይረግጣል። ሴቶች ሕፃናትን አዝለው፥ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው፥ ወጣቶች ወደ ፊት ቀድመው እየዘመሩ ይወጣሉ።

ግሸን በአምባሰል የሚገኝ፥ መልኩ መስቀል የመሰለ አምባ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወደ ላይ የሚያወጣው በርም አንድ ብቻ ነው። አባቶቻችን እንዳስተላለፉልን፥ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገራችን እንዲመጣ የተፈቀደውን የጌታችንን ግማደ መስቀል በዚያ ያኖሩት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። እኒህ ንጉሥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. ነገሡ። ከዚያ በፊት ግን ያ አምባ የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻሙ የሚጋዙበት ስፍራ ነበር፤ ዘርዐ ያዕቆብም ራሳቸው ለንግሥና እስኪጠሩ ድረስ ከተጋዙት መካከል እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። እንግዲህ አስቡት። ሰው የታሰረበትን ስፍራ ለመርገም ብዙ ምክንያት አለው፤ በሥልጣን ላይ የወጣ እንደ ሆነም አፍርሱት ለማለት የሚከለክለው የለም። እኒህ ንጉሥ ግን በእጃቸው ካለው ሀብት ሁሉ የከበረውን ወስደው ግዞታቸው በነበረው አምባ ላይ አኖሩት። ወደ ግሸን የሚወጣ ተሳላሚ የሚረግጠው ድንጋይ ይህን ታሪክ የተሸከመ ድንጋይ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ መንገዱ ልመለስ።

ከወልድያ ወደ ደቡብ ሲወጡ በቀኝ በኩል የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በግራ በኩል ምድሩ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ያሽቈለቍላል። በመስከረም ጭጋጉ ከተራራው ወገብ ላይ እስኪነሣ ድረስ መንገዱ ቀዝቃዛ ነው። አደይ አበባ በየዳሩ ፈክቷል፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ዘለላውን አውጥቷል፤ ልጆችም ወፍ ለማባረር ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮኻሉ። መርሳ ለመድረስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሉቃስ ወንጌል እንደ ተጻፈ፥ ጌታችን በተነሣበት ቀን ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ የሄዱበት መንገድ ስድሳ ምዕራፍ ነበር፤ ይህም በዛሬው ልክ ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የወልድያው ተሳላሚ በአንድ ቀን የሚሄደው ከዚያ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው።

በዚህ መንገድ መኪና ያልፋል። ከወልድያ ተሳፍሮ መርሳን በአንድ ሰዓት ውስጥ አልፎ የሚሄድ ሰው ሞልቷል። እኔ በመኪና የሚሄደውን አልነቅፍም፤ ድካም ያለበት፥ በሽተኛ፥ ከሥራው ሦስት ቀን ፈቃድ የማያገኝ ሰው ምን ያድርግ? እግዚአብሔር የጎማንና የእግርን ኪሎ ሜትር ለያይቶ አይቈጥርም። ነገር ግን መኪና አንድ ነገር ያሳጣል። በመኪና ውስጥ ከማትፈልገው ሰው ጎን ብትቀመጥ ፊትህን ወደ መስኮት መልሰህ ዝም ትላለህ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ትለያያለህ። በእግር መንገድ ግን ከማለዳ እስከ ማታ ድረስ ከእርሱ አታመልጥም። እርሱ ከወንዝ ሲጠጣ አንተም ትጠጣለህ፤ ጥላ ፍለጋ ስትቀመጥ እርሱም ከዚያው ዛፍ ሥር አረፍ ይላል።

በመዝሙረ ዳዊታችን ከ119ኛው እስከ 133ኛው ድረስ ያሉት ዐሥራ አምስቱ የመዓርግ መዝሙር ተብለው ይጠራሉ። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ እነዚህ እስራኤላውያን ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ በመንገድ የሚዘምሯቸው ነበሩ። አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ለተሳላሚ የሚሆን መዝሙር ከሆነ፥ የመጀመሪያው ስለ መቅደሱ ውበት ወይም ስለ በዓሉ ደስታ የሚናገር መሆን ይገባው ነበር እንላለን። ነገር ግን የመጀመሪያው መዝሙር የሚጀምረው በእሮሮ ነው። መዝሙረኛው ስለ ሐሰተኛ ከንፈርና ስለ ተንኰለኛ ምላስ ይጮኻል፤ ሰላምን ከሚጠሉ ሰዎች ጋር ብዙ መቀመጡን ያማርራል። እንግዲህ ይህ ሰው ከቤቱ የተነሣው ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ነው ማለት ነው። የወንድማማች በአንድነት መቀመጥ የተመሰገነበት መዝሙር የሚገኘው በ132ኛው ነው፤ ከዐሥራ አምስቱ ዐሥራ አራተኛው ነው። ከእሮሮው እስከዚያ ድረስ ብዙ ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱም በእግር የሚወጣ ነው።

ከወልድያና ከመርሳ እኩሌታ ላይ ስሪንቃ ይገኛል። ብዙዎቻችሁ ይህን ስም የምታውቁት በእርሻ ምርምር ማዕከሉ ነው። በዚያ ያሉ ባለሙያዎች ከደከሙበት ሥራ አንዱ አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር መፈለግ ነው። አቀንጭራን የቆላ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በከተማ ለምትኖሩት ግን ላስረዳ። አቀንጭራ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ የማሽላውን ምግብና ውሃ የሚመጥ አረም ነው። ክፉነቱም ጉዳቱን የሚሠራው ገና ከመሬት በታች ሳለ መሆኑ ነው። ገበሬው ማሽላው ሲቀጭጭና ሲጠወልግ ያያል፤ ዝናም ያነሰው ይመስለዋል፤ ፀሐይን ይወቅሳል። አረሙ ሐምራዊ አበባውን ይዞ ብቅ ሲል ነገሩ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ግን ከጥፋቱ የሚበዛው አስቀድሞ ተፈጽሟል። አንዲት ተክል ብቻዋን እንደ ትቢያ የላመ፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም የሚጣበቅበት ሥር እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ዓመት በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። አባቶች ቂም በሆድ ይበቅላል ሲሉ ሰምተናል፤ እኔ ግን ቂምን ከዚህ አረም የበለጠ የሚመስለው ነገር አላገኘሁም። ሰው ጸሎቱ ሲጠወልግ፥ ጾሙ ሲመርረው፥ ከልጆቹ ጋር እንኳ ሳቅ ሲያጣ፥ ጊዜውን ይወቅሳል፤ ድህነቱን ይወቅሳል። ከሥር ያለውን ግን አይቈፍርም።

ስለ ሁለት ሰዎች ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቀበሌያቸውንም አልናገርም፤ ነገሩ ለትምህርት ይሆን ዘንድ እንዲነገር ግን ሁለቱም ፈቅደዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና አካባቢዋን በያዘበት ጊዜ፥ በአንድ መንደር የሚኖር አንድ ሽማግሌ ማሽላውን ከበረቱ ሥር በቈፈረው ጉድጓድ ቀብሮ ነበር። በዚያ አገር እህልን በጉድጓድ መቅበር የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱን ሲቈፍር የረዳው ጎረቤቱ ነበር፤ በዕድሜ ልጁ የሚሆን ሰው ነው። አንድ ቀን ታጣቂዎች መጥተው በቀጥታ ወደ በረቱ ሄዱ፤ ከብቶቹን አስወጡ፤ ጉድጓዱን ከፍተው ሦስት ኩንታል ማሽላ ጭነው ሄዱ። ሽማግሌው ማን እንዳሳያቸው አልጠየቀም። ያውቅ ነበርና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ አልተለዋወጡም። በቤተ ክርስቲያን አንዱ በቀኝ ሲቆም አንዱ በግራ ይቆማል። በአንድ የጽዋ ማኅበር ነበሩ፤ ሽማግሌው ማኅበሩን ተወ። የነፍስ አባታቸውም አንድ ነበሩ፤ ካህኑ ለማስታረቅ ቢደክሙም ሽማግሌው፥ አባቴ፥ እኔ ከማንም ጋር አልተጣላሁም ይል ነበር። ይህን ቃል ካህናት ሁሉ ይፈሩታል። የሚጮኽና የሚሳደብ ሰው ለሽምግልና ይመቻል፤ አልተጣላሁም የሚለው ግን በሩን በውስጥ ዘግቶታል።

ከዚያ ወዲህ በአንዱ መስከረም ሁለቱም ለግሸን ማርያም ተስለው ኖሮ፥ ሳይነጋገሩ በአንድ ጓዝ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ወጡ። ስሪንቃን ካለፉ በኋላ ፀሐይ በረታች። የሽማግሌው በረባሶ ማሰሪያው ተበጥሶ እግሩን አቈሰለው፤ እርምጃውም ዘገየ። ወጣቶቹ በጊዜ እንግባ ብለው ቀደሙ፤ የቀሩትም ከእነርሱ ጋር ሄዱ። ያ ጎረቤቱ ግን ቀረ። ከሽማግሌው ኋላ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቆ፥ እርሱ ሲቆም እየቆመ፥ ሲሄድም እየሄደ ተከተለው። ሽማግሌው ወደ ኋላ አልዞረም፤ ነገር ግን የሚከተለውን ሰው የእግሩን ኮቴ ያውቀዋል።

በመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች አንዲት እስላም እናት ወጣች። የሀብሩን አገር የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይቷል፤ በዚያ እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ምንጭ የሚቀዳ፥ በአንድ ሐዘን የሚቀመጥ ነው፤ የግሸን ተሳላሚ ሲያልፍም ውሃ ይዞ የሚወጣው፥ እኛንም በጸሎት አስቡን የሚለው የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቲቱ የሽማግሌውን እግር አየች፤ ኋላ የሚመጣውንም ሰው አየች። አባትና ልጅ መሰሏት። በቁጣም፥ ምን ዓይነት ልጅ ነህ? አባትህ እያነከሰ አንተ በኋላ ትከተላለህን? ደግፈው እንጂ! አለችው። ሁለቱም ዝም አሉ። አባቴ አይደለም ብሎ አልመለሰም፤ ልጄ አይደለም ብሎም አልመለሰም። ቀርቦ ክንዱን ያዘው። ገብተውም ቡና ጠጡ፤ እግሩን በሞቀ ውሃ አጠበችው፤ ማሰሪያውንም በጠፍር ጠገነችው። ከዚያ ወዲያ እስከ መርሳ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ነገር ግን አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ፥ በማቴዎስ ወንጌል በአምስተኛው ምዕራፍ፥ ሁለት ነገር አከታትሎ ተናግሯል። አንደኛው መባህን ይዘህ መሠዊያው ዘንድ ከደረስህ በኋላ ወንድምህ እንደ ተቀየመህ ብታስብ፥ መባውን በዚያ ትተህ ሂድና ታረቅ የሚለው ነው። ይህን ብዙ ጊዜ እንሰብካለን። ሁለተኛውን ግን እንዘልለዋለን፤ ይኸውም ከከሰሰህ ሰው ጋር ዳኛው ዘንድ ሳትደርስ፥ ገና በመንገድ አብረኸው ስትሄድ ተስማማ የሚለው ነው። ጌታችን ስለ መንገዱ ለምን ተናገረ? ሁለት ተካሳሾች ወደ ዳኛ ሲሄዱ በዚያ ዘመን በአንድ መንገድ፥ በእግራቸው ይሄዱ ነበርና ነው። መንገዱ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ከመጨረሻው ላይ ዳኛ አለ። ለተሳላሚ ደግሞ በመጨረሻው ላይ የሚጠብቀው መስቀል ነው፤ በመስቀሉ ላይ የተሰቀለው ራሱ የሚፈርድ ዳኛ ነው። ስለዚህ ከወልድያ ቂሙን ይዞ የተነሣ ሰው ሦስት ቀን አለው። ከሦስቱም የመጀመሪያው ይሻላል፤ በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ዐይኑ በአምባው ላይ ስለሚሆን ጎረቤቱን የሚያይበት ዐይን አያገኝም።

አንዳንድ ሰው፥ ዕርቅ ማለት በደሉን እንዳልነበረ መቍጠር ነው ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው፤ በዚህም ስሕተት ምክንያት ብዙ የተበደለ ሰው ዕርቅን ይሸሻል። በወሎ አገር አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎች፥ እስላሞችም ክርስቲያኖችም ሆነው ሲቀመጡ፥ መጀመሪያ የሚያደርጉት በደሉ በግልጥ እንዲነገር ነው፤ ካሳውም ከዚያ ይከተላል። ቤተ ክርስቲያንም ንስሓን ያለ ኑዛዜ አታውቅም። ዘኬዎስ ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ከሰው በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ጌታችንም ተወው፥ አያስፈልግም አላለውም። የበደሉ መነገር ለተበደለው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ የበደለውም ሰው ሳይነገር በቀረ በደል ውስጥ ብቻውን ታስሮ ይኖራል።

በመርሳ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተሳላሚው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቶ ሳለ፥ ሽማግሌው ተነሥቶ ተቀመጠ። ጎረቤቱም አልተኛም ነበር። ሽማግሌው ያን ጊዜ ጠየቀው።

«ጉድጓዱን ያሳየሃቸው አንተ ነህ?»

«አዎን አያ፤ እኔ ነኝ። ልጄን በደጅ አቁመው ጠመንጃ ደግነውበት ነበር፤ እህል የተቀበረበትን አሳይ አሉኝ።»

ሽማግሌው ጥቂት ቆይቶ፥ «አንተም ጉድጓድ ነበረህ» አለው።

«ነበረኝ። ያንቱን አሳየሁ፤ የራሴን አላሳየሁም።»

ምእመናን ሆይ፥ ይህን የመጨረሻውን ቃል ማንም አላስገደደውም። ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ሰው ሁሉ ያዝንለት ነበር፤ ሽማግሌውም ይቅር ለማለት ይገደድ ነበር። እርሱ ግን ከምክንያቱ በስተ ኋላ የተደበቀውን አወጣው። ቅዱስ ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ የካደው ከፍርሃት የተነሣ ነው፤ ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በባሕር ዳር፥ በከሰል እሳት አጠገብ፥ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው። በፈራ ጊዜ ስለ ካደ ምንም አይደለም ብሎ አላለፈውም። ፍርሃት የሰውን ሥራ ያስረዳል፤ ነገር ግን ሥራውን አያነጻውም። ጦርነት ባለፈበት አገር ሁሉ፥ በወልድያም በመርሳም፥ በሌላውም ስፍራ፥ ፈርተው አንዳች ነገር ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ አንዳች ነገር የተደረገባቸውም ከእነርሱ ጎን ይኖራሉ፤ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ከአንድ መንበር ይቈርባሉ። ይህን ቃል ከሚሰሙትም መካከል ያሉ ይመስለኛል። ጉድጓዱን ያሳየ አለ፤ ጉድጓዱ የተከፈተበት አለ። እኔ ለሁለቱም የምላቸው ይህ ነው፤ የምትነጋገሩበትን መንገድ ፈልጉ። መንገዱ ግድ ወደ ግሸን የሚወስድ መሆን የለበትም፤ ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስደውም ይበቃል። ብቻ ረጅም ይሁን፤ ሦስተኛ ሰውም በቅርብ አይኑር።

ሽማግሌው በዚያ ሌሊት ሌላ አልተናገረም። ጋቢውን ሸፍኖ ተኛ፤ ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። ጎረቤቱም እስኪነጋ እንደ ተቀመጠ አደረ። ጎሕ ሲቀድ ተሳላሚው ጸሎቱን አድርሶ ወደ ውርጌሳ መንገድ መውጣት በጀመረ ጊዜ፥ ሽማግሌው የተጠገነ በረባሶውን አስሮ ከዘራውን ይዞ ተነሣ። ወደ ጎረቤቱም ዞሮ፥ «ስንመለስ በሽማግሌ ፊት ሦስት ኩንታል ትሰፍርልኛለህ» አለው።

«እሰፍራለሁ አያ።»

«አሁን ይህን ከረጢት ያዝልኝ፤ ትከሻዬን ከብዶኛል።»

በየመንገዱ ያላችሁትን ተሳላሚዎች፥ በቤታችሁም የቀራችሁትን በሽተኞችና አረጋውያን፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱስ መስቀሉም ኃይል ይጠብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።